ምዕራፍ ሰባት፦ እርዳታ እጅ ያስራልን?

ስለ ምግብ እርዳታ ወሬ በተነሳ ቁጥር አንድ ክስ አብሮ ይነሳል። «ገበሬው የእርዳታ ስንዴ ለምዷል፤ ማረሱን ትቶ የራሽን ቀን ይጠብቃል» ይባላል። ይህን የሚሉት ክፉ ልብ ያላቸው ሰዎች ብቻ አይደሉም። የወረዳ ባለሙያው ይለዋል፤ የከተማ ነጋዴው ይለዋል፤ አንዳንዴም እርዳታውን የሚቀበለው ገበሬ ራሱ ስለ ጎረቤቱ ይለዋል። የሰው ወርቅ አያደምቅ እየተባለ ያደገ ሕዝብ እጅ ዘርግቶ መኖርን ውርደት አድርጎ ቢያይ አይገርምም። ስለዚህ ክሱን መናቅ አይገባም፤ መመርመር ግን ይገባል።

ክሱ ሲፈታ ውስጡ ሦስት ጥያቄዎች ይገኛሉ። አንደኛው፦ እርዳታ የሚያገኝ ቤተሰብ ሥራውን ይቀንሳል ወይ? ሁለተኛው፦ አንዴ መዝገብ ላይ የሰፈረ ቤተሰብ ለምን ቶሎ አይወጣም? ሦስተኛው፦ በእርግጥ ጥገኛ የሆነው ማን ነው፤ ቤተሰቡ፣ መሥሪያ ቤቱ ወይስ አገሩ? ክርክሩ ለዓመታት መቋጫ ያጣው ሦስቱ ተደባልቀው ስለሚጠየቁ፣ ለአንዱ የተገኘውም መልስ ለሌላው ስለሚሰጥ ነው። በዚህ ምዕራፍ አንድ በአንድ እንያቸው።

የየዓመቱ «ድንገተኛ»

በ1966 ዓ.ም. የወሎና የትግራይ ረሃብ ከሕዝብ ተደብቆ ቆይቶ ሲጋለጥ፣ ዘውዳዊው ሥርዓት ከወደቀባቸው ምክንያቶች አንዱ ሆነ። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን የተቋቋመው በዚያው ዘመን ነው። የ1977ቱ ረሃብ ደግሞ የኢትዮጵያን ስም በዓለም ፊት ከእርዳታ ጋር አቆራኘው። ከዚያ ወዲህ አንድ አሠራር ሥር ሰደደ። መኸር ሲሰበሰብ ግምገማ ይካሄዳል፤ የተረጂው ቁጥር ይገለጻል፤ ለለጋሾች ጥሪ ይተላለፋል፤ እህሉ በመርከብ ወደብ ይደርስና በከባድ መኪና ወደ ወረዳ ይጓዛል።

ይህ ሁሉ እስኪሆን ወራት ያልፋሉ። ስንዴው ቀበሌ ሲደርስ ቤተሰቡ መጀመሪያ በጉን፣ ቀጥሎ ላሙን፣ በመጨረሻም የእርሻ በሬውን ሸጧል። እርዳታው ነፍስ ያድናል፤ የመጪውን ዓመት እርሻ ግን አያድንም። በሬ ያጣ ገበሬ መሬቱን ለሌላ በእኩል ያሳርሳል፤ ከምርቱ የሚደርሰው ግማሹ ብቻ ነው፤ በዓመቱ ተመልሶ ተረጂ ይሆናል። «ድንገተኛ» የተባለው እርዳታ ለዚያው ወረዳና ለዚያው ቤተሰብ በየዓመቱ የሚላክ የሆነው በዚህ መንገድ ነው።

የጥገኝነት ስጋት ያን ጊዜም ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የአደጋ መከላከል ፖሊሲ ሥራ መሥራት የሚችል ሰው እርዳታን በሥራው እንዲያገኝ እንጂ በነፃ እንዳይቀበል ይል ነበር። በዓለም ምግብ ፕሮግራም ድጋፍ በተራቆቱ ተራሮች ላይ እርከን እየሠሩ በምግብ መከፈል ከ1970ዎቹ መባቻ ጀምሮ የታወቀ ነው። ነገር ግን ሥራውም ክፍያውም በየዓመቱ ልመና ላይ የተንጠለጠለ ስለነበር፣ ገበሬው ዘንድሮ ይመጣል አይመጣም ብሎ ማቀድ አይችልም ነበር።

ነገሩ ገደቡን ያለፈው በ1995 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ሁለት ጥሩ የምርት ዘመናት የበቆሎ ዋጋ ክፉኛ ወድቆ፣ ለማሳጨጃ የሚወጣው ገንዘብ ከሽያጩ ስለበለጠ በማሳ ላይ የቀረ ሰብል ነበር። ወዲያው ድርቅ ተከተለ፤ ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ። ትርፍና ረሃብ በአንድ አገር በዓመት ልዩነት ሲታዩ መንግሥትና ለጋሾች አንድ ድምዳሜ ላይ ደረሱ፦ በየዓመቱ እንደሚመጣ የሚታወቅ ረሃብ፣ አስቀድሞ በታወቀ በጀት መያዝ አለበት።

ሴፍቲኔት እንዴት ይሠራል?

ከዚህ ድምዳሜ የተወለደው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በጥር 1997 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች ወደ አምስት ሚሊዮን ሰዎች ይዞ ተጀመረ። ቆይቶ አፋርንና ሶማሌን ጨምሮ ወደ ስምንት ሚሊዮን ደረሰ። መመዘኛው ግልጽ ነበር፦ ለሦስት ተከታታይ ዓመታት፣ በየዓመቱ ቢያንስ ለሦስት ወር የምግብ ክፍተት የነበረበት ቤተሰብ ይገባል። ማን እንደሚገባ የሚለየው ከነዋሪው የተውጣጣ የቀበሌ ኮሚቴ ነው፤ ማን በሬ እንዳለው፣ ማን መበለት እንደሆነች፣ የማን ልጅ ከከተማ ገንዘብ እንደሚልክ ከጎረቤት በላይ የሚያውቅ የለምና።

ሥራ የሚችል ቤተሰብ በማኅበረሰብ ሥራ ይሳተፋል፤ እርከን ይሠራል፣ ኩሬ ይቆፍራል፣ የገጠር መንገድ ይጠርጋል፣ ችግኝ ይተክላል። አቅመ ደካሞች፣ አካል ጉዳተኞችና ሠራተኛ እጅ የሌላቸው ቤተሰቦች ደግሞ ያለሥራ ቀጥተኛ ድጋፍ ያገኛሉ። የሥራው ልክ ለአንድ የቤተሰብ አባል በወር አምስት ቀን ነው፤ ክፍያው በቀን ሦስት ኪሎ እህል፣ ወይም በጊዜው ለዚያ ይበቃል የተባለ 6 ብር ነበር። ሥራው የሚካሄደው ከጥር እስከ ሰኔ፣ ዋናው የእርሻ ወቅት ከመግባቱ በፊት ነው።

አሁን ሒሳቡን እንሥራ። አምስት ሰው ያለው ቤተሰብ በወር 25 የሥራ ቀን አለበት። ሕፃናቱ ስለማይሠሩ ቀኑን የሚሸፍኑት አባትና እናት ናቸው። የሚያገኙት ለነፍስ ወከፍ በወር 15 ኪሎ፣ በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ነው፤ እሱም ለስድስት ወር ብቻ። ዘይት፣ ጨው፣ የልጅ ደብተር፣ መድኃኒት፣ ልብስ በዚህ ውስጥ የሉም። ቀሪው ስድስት ወርም በራስ ጉልበት የሚታለፍ ነው። «ተቀምጦ ይበላል» የሚለው ቃል እዚህ ሒሳብ ላይ የሚያርፍበት ቦታ የለውም።

አንደኛው ጥያቄ፦ እርዳታ ያሰንፋል?

ሒሳብ ብቻውን ግን አያረካም፤ ሰዎች በተግባር የሚያደርጉት መታየት አለበት። አብዱላይ፣ ባሬትና ሆዲኖት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት የኢትዮጵያን የገጠር ቤተሰቦች መረጃ ተጠቅመው ይህንኑ ጥያቄ መረመሩ። መጀመሪያ ላይ ክሱ እውነት መሰለ፤ እርዳታ የሚያገኙ ቤተሰቦች ከማያገኙት ያነሰ ይሠሩ ነበር። ቀጥለው ግን የቤተሰቡን ኃላፊ ዕድሜና ጾታ፣ የቤተሰቡን ብዛት፣ የመሬቱን ስፋትና አካባቢውን በሒሳቡ ውስጥ አስገቡ። ያን ጊዜ ልዩነቱ ጠፋ።

ምክንያቱን መረዳት ለክርክሩ ሁሉ ቁልፍ ነው። እርዳታ የሚሰጠው ማንን መርጦ ነው? መበለቷን፣ አዛውንቱን፣ በሬ የሌለውን፣ ሩብ ሔክታር መሬት ያለውን ነው። እነዚህ ሰዎች እርዳታ ባይኖርም የሚሠሩበት መሬት፣ በሬና ጉልበት ያንሳቸዋል። ሥራቸው ማነሱን ከእርዳታው ጋር አያይዞ እርዳታውን መክሰስ፣ በሆስፒታል ብዙ በሽተኛ ስላለ ሆስፒታል ያሳምማል እንደማለት ነው።

ፒተር ሊትል የተባለው አንትሮፖሎጂስትም በደቡብ ወሎ አካባቢ ያደረገውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2008 ሲያወጣ ከሌላ አቅጣጫ እዚያው ደረሰ። በዚያ አካባቢ የእርዳታው መጠን ትንሽ፣ መድረሻ ጊዜውም የማይታወቅ ስለነበር፣ ቤተሰቦች ኑሯቸውን በእሱ ላይ ሊያቆሙ አይችሉም ነበር። በማይታመን ነገር ማንም አይደገፍም። እርዳታው ዘገየም ቀረም ገበሬው ያርሳል፣ ለቀን ሥራ ይሰደዳል፣ በጎችን ያረባል፣ ከዘመድ ይበደራል።

የውጭ ስንዴ የአገር ውስጥ ገበያን ያበላሻል የሚለው ሥጋት መሠረት አለው፤ በምርት ዘመን ገበያ ላይ የሚራገፍ እህል ዋጋ ይሰብራል። ነገር ግን ሌቪንሶንና ማክሚላን የኢትዮጵያን የቤተሰብ መረጃ ሲመረምሩ፣ ስንዴ ከሚሸጡት ይልቅ የሚገዙት ቤተሰቦች ድሆች ሆነው አገኟቸው። ዋጋ ሲወርድ የሚጎዳ ገበሬ አለ፤ የሚጠቀመው ግን በአብዛኛው ከእሱ የባሰ ድሃ ነው። መፍትሔው እርዳታውን ማቆም ሳይሆን፣ እህል በተትረፈረፈበት ጊዜና ቦታ በጥሬ ገንዘብ መክፈል፣ ከተቻለም እህሉን ከአገር ውስጥ መግዛት ነው። ጥሬ ገንዘብም የራሱ አደጋ አለው። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ሲንር ክፍያው ወደ 8 ብር ከፍ ቢልም ሦስት ኪሎ እህል መግዛት አልቻለም፤ በገንዘብ ይከፈላቸው የነበሩ ብዙዎች በእህል ይደረግልን አሉ።

እውነትን መናገር ካለብን ሥራ የሚቀንስበት ሁኔታም ተገኝቷል። በ2009 ዓ.ም. የከተማ ሴፍቲኔት ሲጀመር በአዲስ አበባ ቀድመው የሚገቡት ወረዳዎች በዕጣ ተለይተው ስለነበር ተመራማሪዎች ውጤቱን በጥንቃቄ ማወዳደር ቻሉ። ግሩም አበበን ጨምሮ አራት ባለሙያዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ጎዳና በማጽዳትና አካባቢን በማልማት የተሰማሩ ተጠቃሚዎች በግል ሥራ የሚያሳልፉት ሰዓት ቀንሷል። ይህ ግን ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ሥራ መዛወር ነው። ውጤቱም ከእነሱ አልፏል፤ የቀን ሠራተኛ ስላነሰ በግል የሚቀጠሩ ሌሎች ድሆች ደመወዝ ከፍ አለ፣ ሰፈሩም ጸዳ። ከገጠሩም ከከተማውም ማስረጃ የሚወጣው መልስ እንግዲህ ይህ ነው፦ የምግብ እርዳታ ሰዎችን ከሥራ ያርቃል የሚለው ክስ አልተረጋገጠም።

ሁለተኛው ጥያቄ፦ ለምን አይወጡም?

ሁለተኛው ጥያቄ ከበድ ይላል። በሴፍቲኔት ቋንቋ ከፕሮግራሙ መውጣት «ምረቃ» ይባላል። ሲጀመር ብዙው ተጠቃሚ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ይመረቃል የሚል ተስፋ ነበር። አልሆነም። ከሃያ ዓመት በኋላም ፕሮግራሙ ሚሊዮኖችን ይዞ ቀጥሏል። ለከሳሾች ይህ የመጨረሻ ማስረጃ ነው።

ጥናቶቹ የሚያሳዩት ግን ሁለት ነገር አብሮ ነው። ጉዑሽ በርሃነና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ አምስት ዓመት የተሳተፉ ቤተሰቦች አንድ ዓመት ብቻ ከተሳተፉት ጋር ሲነጻጸሩ የረሃብ ወራቸው ከአንድ ወር በላይ አጥሯል፣ የከብት ሀብታቸውም ጨምሯል። ከሴፍቲኔቱ ጎን ብድር፣ ምርጥ ዘርና የእርሻ ምክር ያገኙት ደግሞ የበለጠ ተሻሽለዋል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ሠርቷል፤ ከድህነት ጉድጓድ ለማውጣት ግን አልበቃም። የረሃብ ጊዜው ቢያጥርም ክፍተቱ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም።

ለምን አልበቃም? ግማሽ ሔክታር መሬት በጥሩ ክረምት እንኳ ስድስት ሰው ዓመቱን ሙሉ አይመግብም። ሁለት ዓመት የተጠራቀመ በግና ጊደር በአንድ ድርቅ ያልቃል። በዚህ ላይ የአፈጻጸም ጉድለት ይደመራል። ክፍያ ሲዘገይ ቤተሰቡ ከአራጣ አበዳሪ ይወስዳል፤ ክፍያው ሲመጣ ለዕዳ ይሄዳል። በአንዳንድ ቀበሌዎች የተመደበው ኮታ ከችግረኛው ቁጥር ስለሚያንስ ሁሉም እንዲደርሰው ተብሎ ራሽኑ ይከፋፈላል፤ ለአምስት ሰው የተሰላው ለስምንት ይሆንና ማንንም አያወጣም።

ምረቃ ራሱም ወደ ዘመቻ የተለወጠባቸው ጊዜያት ነበሩ። ወረዳው ይህን ያህል ቤተሰብ አስመርቅ ተብሎ ቁጥር ሲሰጠው ቁጥሩን ይሞላል፤ ሳይደርስ የተመረቀው ቤተሰብ በቀጣዩ ድርቅ ተመልሶ በድንገተኛ እርዳታ መዝገብ ላይ ይገኛል። ይህን ያየ ጎረቤት ምን ይማራል? ጊደር ብገዛ «ሀብት አፍርተሃል» ተብዬ እሰረዛለሁ ብሎ ይፈራል። ውጭ የቆመ ሰው ይህን ፍርሃት ስንፍና ይለዋል። ልጆቹን ማጣት የማይፈልግ አባት ግን ዝናብ በማይታመንበት አገር የሚያደርገው ጥንቃቄ ነው። ያለቅጣት መውጫ፣ ቢወድቅም መመለሻ ቢኖረው ኖሮ ጊደሯን ይገዛ ነበር።

ይህ ግምት ብቻ አይደለም። በትግራይ ውቅሮ አካባቢ የሴፍቲኔት ተጠቃሚ የሆኑ ቤተሰቦች በሙከራ ፕሮግራም ከወርሃዊው ድጋፍ በተጨማሪ የሚያረቡት እንስሳ ወይም ሌላ የሥራ ሀብት፣ ሥልጠና፣ የቁጠባ ልምድና ለሁለት ዓመት ያህል በየጊዜው የሚጎበኛቸው ባለሙያ ተሰጣቸው። ኢትዮጵያን፣ ጋናን፣ ሕንድን፣ ፓኪስታንን፣ ሆንዱራስንና ፔሩን ያካተተው ይህ ሙከራ እ.ኤ.አ. በ2015 ሲታተም፣ ድጋፉ ካበቃ ከአንድ ዓመት በኋላም የገቢና የፍጆታ መሻሻሉ በአጠቃላይ እንዳልጠፋ አሳየ። ሰው ከድህነት የሚወጣው ምግቡ ሲቋረጥበት ሳይሆን፣ ምግቡ ሳይቋረጥ መነሻ ሀብት ሲጨመርለት ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ፦ ጥገኛው ማን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2002 ጄይንና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት የኢትዮጵያ የምግብ እርዳታ ወዴት እንደሚሄድ ተመልክተዋል። እርዳታው በዚያ ዓመት ከተቸገሩት አካባቢዎች ይልቅ ቀድሞ እርዳታ ይደርሳቸው ወደነበሩት ያዘነብል ነበር። መጋዘኑ፣ መንገዱ፣ ሠራተኛውና የስም ዝርዝሩ እዚያ ስላለ እህሉም ወደዚያው ይሄዳል። የለመደው አሠራሩ ነው እንጂ ገበሬው አይደለም።

የአገር ጥገኝነትም እውነት ነው። በግንቦት 2015 ዓ.ም. አካባቢ የአሜሪካ የልማት ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም እህል ከታለመለት ሰው ውጭ መዋሉን ጠቅሰው መጀመሪያ በትግራይ፣ በሰኔ ወር ደግሞ በመላው አገሪቱ የምግብ እርዳታ አቋረጡ። ስደተኞች እንኳ አልቀሩም። ምክንያቱ የተረጂው ጥፋት አልነበረም፤ ቅጣቱ ያረፈው ግን በእሱ ላይ ነው። እርዳታው የተመለሰው በ2016 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። በጦርነት የተጎዳው አካባቢ ላይ ድርቅ ተጨምሮበት፣ በጥር 2016 የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም በትግራይና በአማራ ክልሎች ወደ 400 የሚጠጉ ሰዎች በረሃብ መሞታቸውን አስታወቀ። በጥር 2017 ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ባንድ ጊዜ ሲያግድ፣ የአገር የምግብ ዋስትና በሌላ አገር የምርጫ ውጤት ላይ ሲንጠለጠል ምን ማለት እንደሆነ ታየ። ሊያሳስበን የሚገባው ጥገኝነት ይህ ነው።

የአሜሪካው ክርክር

ይህ ክርክር የድሃ አገር ብቻ አይደለም። በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን «ፉድ ስታምፕ» የሚሉት ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ1964 ሕግ ሆኖ ጸድቆ እ.ኤ.አ. በ2024 ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰው ይጠቀምበት ነበር። እዚያም ያሰንፋል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሕግ፣ ልጅ የማያሳድግ ጤነኛ ጎልማሳ በሳምንት 20 ሰዓት ካልሠራ በሦስት ዓመት ውስጥ ከሦስት ወር በላይ እንዳያገኝ ከለከለ። በቨርጂኒያ ግዛት የዚህ ግዴታ ውጤት ሲጠና፣ ግዴታው ከሚመለከታቸው ሰዎች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ከድጋፉ ወጡ፤ ሥራ የያዘው ሰው ቁጥር ግን አልጨመረም። ድጋፉ ተነሳ፤ ሥራው አልመጣም።

በአንጻሩ ፉድ ስታምፕ በየካውንቲው በተለያየ ዓመት የተጀመረ በመሆኑ፣ ሆይንስ፣ ሻንዘንባክና አልመንድ በልጅነታቸው ድጋፉን ያገኙትን ካላገኙት ጋር አነጻጽረዋል። ያገኙት አድገው በደም ግፊት፣ በስኳርና በመሰል በሽታዎች የመያዛቸው መጠን ያነሰ ሆኖ ተገኘ፤ ሴቶቹም ራሳቸውን የቻሉ ሆኑ። በልጅነት የተበላ ምግብ በጉልምስና ራስን ለመቻል ከረዳ፣ «እርዳታ ጥገኛ ያደርጋል» የሚለው አባባል ለልጆች ሲሆን ተገላቢጦሹ እውነት ነው ማለት ነው።

ፍርዱ

ማስረጃውን አንድ ላይ ስናየው ፍርዱ ግልጽ ነው። የምግብ እርዳታ ገበሬውን ሰነፍ አላደረገውም። ጥገኝነትን የሚያረዝሙት የማይታመን ክፍያ፣ የሚሸራረፍ ራሽን፣ በቁጥር ዘመቻ የሚደረግ ምረቃ፣ መነሻ ሀብት የሌለው መውጫና በአብዛኛው በውጭ ገንዘብ የቆመ በጀት ናቸው። እነዚህ አምስቱም የሚስተካከሉት በመሥሪያ ቤት እንጂ በገበሬው ማሳ ላይ አይደለም።

ስለዚህ የሚቀጥለው የሴፍቲኔት ውሳኔ የሚቀርብለት የምክር ቤት አባል፣ የወረዳ ኃላፊና ለጋሽ አራት ነገር ይጠየቅ። ክፍያው በወሩ ቀን ይድረስ፤ ኮታው በችግረኛው ቁጥር ልክ ይሁን፤ ማንም ያለ መነሻ ሀብትና ያለ መመለሻ ዋስትና አይመረቅ፤ ከአገሪቱ በጀትም በየዓመቱ እያደገ የሚሄድ ድርሻ ይመደብለት። አንባቢም «ለምደዋል» የሚል ቃል ሲሰማ አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ በወር 25 ቀን እርከን ሠርቶ ለአንድ ነፍስ በቀን ግማሽ ኪሎ እህል የሚያገኝ ቤተሰብ የለመደው ምንድን ነው? የለመደው ሥራ ነው። የጎደለው በጊዜው የሚደርስ ደመወዝና መውጫ መንገድ ነው፤ እነዚህን መስጠት ደግሞ የእኛ ግዴታ ነው።